ከምርኮኛ እስከ ጦር ሚኒስትር፦ የምኒልክ ግቢ መሪን እንዴት ይለይ ነበር?



የዛሬው ርእሴ ከታሪክ ክፍል ይልቅ ለሥራ አመራር ክፍል የሚስማማ ሊመስል ይችላል። ለከፍተኛ የአመራር ቦታ ብቁ የሆነ ሰው በምን ይለያል? የዘመናችን ቀጣሪ መልሱን በትምህርት ማስረጃ፣ በሥራ ልምድ ዝርዝርና በቃለ መጠይቅ ይፈልጋል። እኔ ግን ጥያቄውን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስጄ፣ እነዚህ መሣሪያዎች ባልነበሩበት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግቢ ልመረምረው እፈልጋለሁ። ዘመናቱን የምጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥቅምት 14 ቀን 1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። በጨቦ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው በምኒልክ ጦር የተማረኩ ሰው ናቸው። የትልቅ ቤት ልጆች በሞሉበት አገር፣ ምርኮኛ የነበረን ሰው ለዚህ ማዕርግ ያበቃው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ ጊዜ ነው። ወደ ግቢ የገባ ወጣት በቅድሚያ የሚሰጠው አነስተኛ አገልግሎት ነው፤ ያንን በታማኝነት ሲወጣ ሌላ ይጨመርለታል። ሹመት የሚመጣው ከብዙ ዓመታት ምልከታ በኋላ ነው። ሁለተኛው መልስ የፈተናው ዓይነት መብዛቱ ነው። ያው ሰው በዘመቻ፣ በችሎት፣ በግምጃ ቤትና በግብር አዳራሽ ይታያል። በጦር ሜዳ ደፋር የሆነ በችሎት ችኩል ሊሆን ይችላል፤ በችሎት ብልህ የሆነም ንብረት ሲረከብ እጁ ሊያጥር ይችላል። አንዱ ፈተና የደበቀውን ሌላው ይገልጠዋል።

ሀብተ ጊዮርጊስ ያለፉት በዚህ መንገድ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከወደቁ በኋላ ፊታውራሪነቱን ተረከቡ፤ በ1889 ዓ.ም. ወደ ቦረና የዘመተውን ጦር መሩ፤ በፍርድ አዋቂነታቸውም ስማቸው ገነነ። የፈረስ ስማቸው «አባ መላ» መባሉ ዘመኑ በሰውየው ውስጥ ከክንድ ይልቅ ምን እንዳየ ይነግረናል። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ተወስደው ያደጉት በግቢ ነው፤ በጅሮንድ ሆነው ንብረት ጠበቁ፤ በዐድዋም በመድፈኛነት ተዋጉ።

የምርጫው ትክክለኛነት የሚፈተነው ግን መራጩ ሲጠፋ ነው። ምኒልክ በጽኑ ከታመሙ በኋላ፣ በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን ከሥልጣን ካገለሉት ዋነኛ ሰዎች አንዱ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ ከተሻሩ በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ንጉሥ ሚካኤልን የገጠመውን የሸዋ ጦር መሩ። በ1910 ዓ.ም. መሀል ሰፋሪ አድሞ ሚኒስትሮቹ ሁሉ ሲሻሩ፣ በቦታቸው የጸኑት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ያን ሁሉ ጦር ይዘው ዘውድ አለመመኘታቸው በማንኛውም ቃለ መጠይቅ የማይገኝ መረጃ ነው።

ሆኖም ይህን ሥርዓት ማሞገስ ብቻ ታሪክን ማጉደል ይሆናል። ሦስት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ ግቢው መምረጥ የሚችለው ያየውን ሰው ብቻ ነው። ከደጁ ያልደረሰ ስንት ብቁ ሰው እንደቀረ ማንም አልቆጠረም፤ ለሴቶችም የሹመቱ በር ዝግ ነበር። ሁለተኛ፣ ሚዛኑ በአንድ ሰው ዓይን ላይ የቆመ ነበር። ያ ዓይን ሲከደን፣ ሹመት የአንጃዎች መፎካከሪያ ሆነ። ሦስተኛና ለእኔ ዋነኛው፣ ብቃት ከሥራው ተነጥሎ አይቆምም። በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሀብተ ጊዮርጊስ የነባሩ ሥርዓት ምሰሶ ነበሩ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለሚሹት ለውጥ ግን ልጓም ሆኑ። ሰውየው አልተለወጡም። የተለወጠው ከመሪ የሚጠበቀው ሥራ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለአንድ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ የሚፈልግ መልማይ ከዚህ ታሪክ አራት ጥያቄዎችን ሊወስድ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ዕጩው ትንሽ አደራ በነበረው ጊዜ እንዴት ያዘው? በስንት ዓይነት ሥራ ተፈተነ? ይህን ያዩት ምስክሮች ከአንድ በላይ ናቸው? የምንሾመውስ ላለፈው ሥራ ነው ወይስ ለሚመጣው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የምኒልክ ግቢ አሳምሮ ያውቅባቸው ነበር። የኋለኞቹን ሁለቱን ባለመመለሱ የተከፈለውን ዋጋ ደግሞ የሚቀጥሉት ዓመታት ታሪክ ያስረዳል።

አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።