ከፕላዝማ እስከ ቴሌግራም፦ ሴቭ ያደረግነውን ሁሉ ተምረነዋል ወይ?

ጠዋት ከመገናኛ ወደ 4 ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ሲግናል ላይ የሚገባው ባለ ዩኒፎርም ገና ቁጭ ሲል የሚያወጣው ደብተር ሳይሆን ስልኩን ነው። ሁሌም ቲክቶክ አይደለም። ፈተና ሲቃረብ የሚከፈተው ፒዲኤፍ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ወይ ከሆነ ቻናል የወረደ ሾርት ኖት። ታክሲው እንግሊዝ ኤምባሲን አልፎ ቀበና እስኪደርስ ሁለት ሦስት ገጽ ይነበባል። ትምህርት ቤት በር ላይ ግን ስልኩ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ አያስገባማ!

ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ አልደረሰም። ለብዙዎች ቀድሞ የደረሰው ሶፍት ኮፒው ነው። መጽሐፉ ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ክልክል ነው። ስለ ኦንላይን ትምህርት ሲወራ ብዙ ጊዜ ስለ ወደፊቱ ይወራል እንጂ ነገሩ እኛ ሰፈር ከገባ ቆይቷል።

በስክሪን መማር ደግሞ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ታላቅ ወንድም ወይ እህት ካላችሁ ስለ ፕላዝማ ጠይቋቸው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በሳተላይት፣ በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይተላለፍ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሌሎችም፣ በእንግሊዝኛ። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ፕላዝማው ግማሽ ሰዓት ያህል ያስተምራል፣ በተረፈችው ደቂቃ መምህሩ ያጠቃልላል።

ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። መምህር ያጥር ነበር፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነበር። ገጠር ያለ ልጅ አዲስ አበባ ያለው የሚያየውን ሙከራ በስክሪን ማየት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ፕላዝማው አለመቆሙ ነበር። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። እጅ ብታወጣ የሚያይህ የለም። እንግሊዝኛው ከፈጠነብህ ፈጠነብህ። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ፣ መልሶ የሚያጫውተው የለም። መምህሩም ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆንኩ ብሎ ያማርር ነበር። በጊዜው የተሠሩ ጥናቶችም ያገኙት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ተማሪ ቤት ቀረ። ለትናንሾቹ ሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ቴሌቪዥን ተመደበ። አዲስ አበባ ላይ ግን ትምህርት ቢሮውም፣ የግል ትምህርት ቤቶችም ቴሌግራም ያዙ። ወርክሺት በፎቶ፣ ማብራሪያ በቮይስ፣ መልስ በፒዲኤፍ። በአንድ ስልክ ሦስት ልጅ የሚማርበት ቤት ነበር። ስልኩ የአባት ከሆነ ደግሞ ትምህርት የሚጀመረው አባት ከሥራ ሲገቡ፣ ማታ ነው። ያኔ ማን እንደተማረና ማን እንደቀረ የወሰነው ጉብዝና ብቻ አልነበረም።

ቴሌግራም ለምን ተመረጠ? በደካማ ኔትወርክም ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ይልካል፣ አንዴ የወረደው ያለ ዳታ ይከፈታል። ጓደኛ አውርዶት ከሆነ በብሉቱዝ ወይ በዜንደር ትቀበላለህ፣ ሳንቲም አይወጣም። (ሲግናል ተቀምጦ ሲግናል መፈለግ የሚለው ቀልድ አርጅቷል፤ ግን አሁንም ያስቃል።) ትምህርቱን ማቆም፣ መመለስ፣ አሥር ጊዜ መስማት ይቻላል። የፕላዝማው ትልቁ በሽታ በነፃ ዳነ ማለት ይቻላል።

ታዲያ ውጤቱስ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ይሄ የስልክ ጥፋት ነው እያልን አይደለም። ጦርነት ነበር፣ ኮቪድ ነበር፣ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃም ተጠብቧል። ግን ይህ ሁሉ ፒዲኤፍ በእጃችን እያለ መሆኑ ያሳስባል።

በውጭም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ኤድኤክስን ከፍተው ነፃ ኮርስ ሲለቁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በእነሱ አቆጣጠር 2012 እና 2013፣ ከ840 ሺህ በላይ ምዝገባ ነበር። ሰርተፍኬት ያገኘው 43 ሺህ ያህል ነው፣ 5 በመቶ። መመዝገብ ነፃ ነው፣ ማቋረጥም ነፃ ነው፣ ለምን ቀረህ ብሎ የሚደውል የለም። እኛም አገር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ነፃ ነው፤ መመዝገቡ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ስንቶቻችን ጀምረን ሁለተኛው ትምህርት ላይ ቆመናል?

ፕላዝማው አይቆምም ነበር። ስልኩ ይቆማል፣ ግን መልሶ አይጠይቅም። ጋለሪህ ውስጥ 60 ፒዲኤፍ ስላለ ያጠናህ ይመስልሃል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ሳይኮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ይህንን ፈትነውታል። አንዱ ቡድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፣ ሌላው አንብቦ ወረቀቱን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሱን የፈተነው በግልጽ በለጠ። ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ስለዚህ ከቻናል ይልቅ ግሩፕ ይሻላል፣ ያውም ትንሽ። 40 ሺህ ሰው ያለበት ቻናል ላይ ማንም አያውቅህም። አምስት ስድስት የክፍል ጓደኞች የከፈቱት ግሩፕ ውስጥ ግን "ዛሬ የት ነህ?" የሚል አለ። ቴሌግራም ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኩዊዝ ምርጫ አለው፤ ኩዊዝ ቦት በሚባለው ጥያቄ ማዘጋጀት ለማንም ይቻላል። ተራ ገብታችሁ አንድ ሰው በቀን አምስት ጥያቄ ያውጣ። ጥያቄ የሚያወጣው ሰው ከሁሉም በላይ ይማራል፣ ሞክሩት። ቻትጂፒቲም ሆነ ጀሚናይ የምትጠቀሙ ከሆነ "መልሱን ስጠኝ" ሳይሆን "ጠይቀኝ፣ ስሳሳት ንገረኝ" በሉት። የሚሰጣችሁን ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ፤ በሙሉ ልብ ይሳሳታል፣ በአማርኛ ሲሆን ይብሳል።

ፈተና ሲደርስ "ወረቀቱ እጃችን ገብቷል፣ በቴሌብር ላኩ" የሚሉ ቻናሎች ይመጣሉ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና እውነትም ወጥቶ ፈተናው መሰረዙን ስለምናውቅ ብዙዎች ያምናሉ። አትላኩ። በፈተና ሰሞን ቴሌግራም የተዘጋባቸው ዓመታትም ስላሉ የምትፈልጉትን ፋይል ቀደም ብላችሁ አውርዱ።

ዳታ ለመቆጠብ ቪዲዮ በ360ፒ እዩ፤ አንድ ሰዓት 300 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚበላው። በ1080ፒ ግን ጊጋባይቶች ይሄዳሉ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ሒሳብ ለማየት ደግሞ 360ፒ ይበቃል። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ የሳምንቱን አውርዶ መተኛትም አለ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ፈተናው ራሱ ወደ ኮምፒውተር እየሄደ ነው። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው፤ በ2016 ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ተፈትነዋል። ስልክ ላይ ያደገ ጣት ማውስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ከፈተናው በፊት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ጥያቄ መሥራት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ ማስተካከል መልመድ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤታችሁ ላብ ካለው ይከፈትልን በሉ፣ ተቆልፎ የሚውል ላብ ስንት አለ።

ቤት ውስጥ ቦታም ኔትወርክም ለሌለው፣ ከሲግናል በአንድ ታክሲ 4 ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፤ ዋይፋይ አለው፣ መግቢያው ነፃ ነው። ፈተና ሲቃረብ ሰልፍ ስለሚኖር በጠዋት ድረሱ፣ ቻርጀርም ያዙ።