የለገ ኦዳ ላሞች
የዋሻ ሥዕል፣ በዓለት ላይ የተሣለ፤ የጨርጨር ተራሮች፣ ሐረርጌ

ላሟን ልብ ብለው ይመልከቱ። ሰውነቷ የተሣለው በጎን ነው፤ ቀንዶቿ ግን ከላይ ሆኖ እንደሚያያቸው ሰው ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። ራሷ ከቁብ አልተቆጠረም፤ በአንዳንዶቹ ላሞች ላይ ጭራሽ የለም። ግቷ በአንጻሩ ከልክ በላይ ጎልቷል። ሠዓሊው የላም መልክ ሳይሆን የላም ሀብት ነው የሣለው፤ ቀንድና ወተት። የተሣለው ለአምልኮ ነው ብሎ መገመት ይቻላል፤ ለአርቢ ግን የወተቱ ነገር ብቻውን በቂ ምክንያት ይመስለናል።

ላሞቹ ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በጭሮና በበዴሳ ገበያ የምናውቀው የሐረርጌ ሰንጋ ባለ ሻኛ ነው። ይህ ዝርያ ወደ አካባቢው የገባው ዘግይቶ ስለሆነ፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ከዚያ የቀደመው መንጋ ነው። ላታቸው የወፈረ በጎችም አሉ።

የዋሻውን ሥዕሎች ተመራማሪው ፓቬል ቸርቪቼክ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ዘርዝሯቸዋል። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎችን ደግሞ በዚያው አሥርት ዓመት የአርኪዮሎጂ ባለሙያው የዴዝሞንድ ክላርክ ቡድን ከዚሁ ዋሻ ቆፍሮ አውጥቷል። በለገ ኦዳ የተሣለውን የመሰለ ላም ከቀይ ባሕር ማዶ ባሉ ዓለቶች ላይም ስለሚገኝ፣ አሣሣሉ «የኢትዮጵያ-ዓረቢያ ስልት» ይባላል።