ባዶ እጅ እንዴት ያሸንፋል?

አንድ ወዳጄ የወር ደመወዙን በፖከር አስረክቦ የተመለሰባትን ምሽት አልረሳትም። የያዘው ሦስት ንጉሥ ነበር። ባላጋራው መደቡን ደጋግሞ ከፍ ሲያደርግበት ፈራና ካርታውን ጣለ። ሰውየው ግን አንዲት ጥንድ እንኳ እንዳልነበረችው ኋላ ተሰማ። «ባዶ እጅ እንዴት ያሸንፋል?» አለኝ። የጨዋታውን ታሪክ እንዳገላብጥ ያደረገኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

የፖከር መሠረቱ ቀላል ነው። በቀድሞው አጨዋወት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት አምስት ካርታ ይታደላል። ተራው የደረሰ ሰው ወይ የተመደበውን ያህል ያስይዛል፣ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ካርታውን ይጥላል። ሌሎቹ ሁሉ ከጣሉ፣ የቀረው አንዱ እጁን ሳያሳይ ገንዘቡን ይወስዳል።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ጨዋታ «አስ ናስ» ከሚባለው የፋርስ ጨዋታ ሲያዋልዱት ኖረዋል። በርግጥ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን የአስ ናስ ደንብ በዝርዝር ተጽፎ የሚገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ፖከር አሜሪካን ካዳረሰ በኋላ ነው። መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም። እንዲያማ ቢሆን «ፖከር»ን ከእኛው «ፎከረ» እናዋልደው ነበር።

የተሻለው ፍንጭ ያለው ኒው ኦርሊንስ ነው። አሜሪካ ከተማይቱን ከነሉዊዚያና ከፈረንሳይ የገዛችው እ.ኤ.አ. በ1803 ሲሆን፣ ፈረንሳዮች «ፖክ» የሚሉት የካርታ ጨዋታ ነበራቸው። የጀርመኖቹ አቻ «ፖኽን» ይባላል። ቃሉ ማንኳኳት ማለት ነው፤ በድሮው አነጋገር መፎከርም ይሆናል።

ፖከር ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ተሳፍሮ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ ተዛመተ። ጆ ካዌል የተባለ እንግሊዛዊ ተዋናይ በ1829 መርከብ ላይ ሲጫወቱት ማየቱን በ1844 ባሳተመው ትዝታው ተርኳል። ያን ጊዜ ካርታው 20 ብቻ ነበር፦ አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክና ዐሥር። አራት ሰዎች ከተቀመጡ ሁሉም ይታደላል። አራት ንጉሥ ከአንድ አስ ጋር የደረሰው ሰው እንደማይሸነፍ ያውቃል። ከዚህ ጥቅል የሚወጣው የአምስት ካርታ ስብስብ 15,504 ዓይነት ነው። ጨዋታው ወደ 52 ካርታ ሲያድግ ግን 2,598,960 ደረሰ። አብዛኛው ካርታ ሳይታይ ስለሚቀር እርግጠኝነት ጠበበ፤ ለፉከራ ግን ሜዳው ሰፋ።

እንግዲህ ባዶ እጅ ማሸነፉ የጨዋታው ጉድለት ሳይሆን ሥሩ ነው። ወዳጄን ያን ምሽት ያሸነፈው ካርታ አልነበረም። ፎካሪ ነበር።