ከካሴት ወደ ጽሑፍ ፍለጋ፦ የሞያሌ ዘፈንና የስሙ አጻጻፍ

ካሴት ገዢውን ፊደል አያስቆጥረውም ነበር። ፊሊፕስ በ1963 ያስተዋወቀው ይህ መሣሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በየገበያው ሲሠራጭ፣ ፈላጊው የዘፋኙን ስም በአፉ ይጠራል፤ ስሙ ቢጠፋው ዜማውን ያንጎራጉራል፤ ሻጩም ካሴቱን ያነሣለታል። የሚሞሪ ካርድ ዘመንም ልማዱን ብዙ አልለወጠውም፤ ከሱቅ ኮምፒዩተር የሚጫነው ዘፈን ብዙ ጊዜ ከተራ ቁጥር በቀር ስም አልነበረውምና።

ዩቲዩብ በ2005 ከተመሠረተ በኋላ ግን ዘፈን እየዋለ እያደረ በጽሑፍ የሚፈለግ ነገር ሆነ። ይህ ለሞያሌ የተለየ ጣጣ ነበረው። ከተማይቱን ድንበር ለሁለት ይከፍላታል፤ በኬንያው ወገን ባለችው በቦሪም ሆነ በኢትዮጵያው ወገን የቦረና ኦሮምኛ ይነገራል፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ1991 ወዲህ የተማረው ቁቤን፣ ከእርሱ የቀደመው የግእዝ ፊደልን፣ ኬንያዊው የስዋሂሊንና የእንግሊዝኛን ልማድ ይዟል።

የሀጫሉ ሁንዴሳን ስም እንውሰድ። ቁቤ ‹ጫ›ን በነጠላ ‹ሲ› ጽፎ አናባቢውን ይደግማል። በስዋሂሊ የተማረ ሰው ‹ሲ›ንና ‹ኤች›ን ማጣመር ይቀናዋል፤ ይህ ጥምረት ደግሞ በቁቤ ‹ች› ነው። በግእዝ ፊደል የሚጽፈውም ‹ሀ›ን ወይም ‹ሐ›ን ሊመርጥ ይችላል። ለአንባቢ ድምፁ አንድ ነው፤ ዩኒኮድ ግን የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 ሲያስገባ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ሰጥቶታል።

ሀጫሉ ጁን 29 ቀን 2020 ከተገደለ በኋላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔቷን ለሦስት ሳምንታት ያህል ዘጋች። የኬንያ ኔትወርክ አልተዘጋም። በአንዲት ከተማ የሟቹን ዘፈን የመፈለግ ዕድል በድንበር ተከፈለ።

እንዲህ ያለውን ዝነኛ ስም ብዙ ሰው በብዙ መልክ ስለሚጽፈው የፍለጋው ሥርዓት ራሱ ያቻችለዋል። በሠርግ ዘፍኖ አንድ ሰው ብቻ ለጫነለት የቦረና ዘፋኝ ግን ያ ሰው የመረጠው አጻጻፍ ብቸኛው በር ነው፤ በሌላ አጻጻፍ የመጣ ፈላጊ ዘፈኑ የሌለ ይመስለዋል።

እኔ እንደማየው፣ እነዚህን አርእስት ‹የተሳሳቱ› ማለት ችኮላ ነው። አናባቢው መደገሙ ወይም አለመደገሙ ዘፈኑን የጫነው ሰው በየትኛው ልማድ እንደ ተማረ ይጠቁማል፤ አልፎ አልፎም እንዴት እንደ ሰማው። የድምፅ ክምችት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ርእሱን ወደ ቁቤ ብቻ መልሶ የመጀመሪያውን ቢሰርዝ፣ ይህ ምልክት አብሮ ይጠፋል።