የማጂ ነጋዴ የዘር ሐረግ

በአገራችን የዘር ሐረግ ተጽፎ የቆየው በአብዛኛው ለነገሥታትና ለመኳንንት ነው። ባለርስቱም ባለጋሻውም ነጋዴውን ከበታች ያዩት ስለ ነበር የትንሽ ከተማ ነጋዴ ታሪክ የሚገኘው ከዜና መዋዕል ሳይሆን ከቤተሰቡ አፍ ነው። ቤተሰቡም ሲተርክ የተለመደ መንገድ አለው፦ አያት በባዶ እጁ አገር አቋርጦ መጣ፣ በላቡ ሠራ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ልጆቹን አስተማረ። ይህን ትረካ ይዘን ወደ ማጂ ተራራ ብንወጣ ግን አንድ ጥያቄ ከፊታችን ይቆማል። ለመሆኑ አያትየው ሲነግድ የኖረው ምን ነበር?

ማጂን የመንግሥት ከተማ ያደረጋት ጦር ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ከፋ ላይ ዘምተው ድል ካደረጉ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ሠራዊታቸው ወደ ደቡብ ምዕራብ ገፍቶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ደረሰ። የዲዚዎች ደጋም በዚያው ዘመን በምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። በዚያ የሰፈረው ወታደር ደመወዝ በጥሬ ብር አይቆረጥለትም ነበር፤ የሚደለደልለት ገባር ነው። ገባሩ ያርስለታል፣ እንጨት ይለቅምለታል፣ ቤት ይሠራለታል። ግብሩን መክፈል ሲያቅተው ደግሞ ልጁ ይወሰድበታል።

ከወታደሩ ኋላ ሲራራ ነጋዴው ተከተለ። ጨው፣ አቡጀዲ፣ ጠመንጃና ጥይት በአጋሰስ ጭኖ ወጣ፤ ሲመለስ የዝሆን ጥርስ ይዞ፣ ሰውም እየነዳ ወረደ። በዚያ አገር ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። በጥርሱ ዋጋ ጠመንጃ ይገዛል፣ በጠመንጃው ዝሆን ይገደላል፣ ሰውም ይፈነገላል፣ ከዚያ የተገኘው ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ይገዛል። ዝሆኑ እየሳሳ በሄደ ቁጥር የከፋው ዕዳ በሰው ላይ ወደቀ። ሹም ሲሻርና ጭፍራው ሲለወጥም የሚሄደው ወታደር ገባሩን ከነቤተሰቡ ይዞ ይወጣ ስለ ነበር፣ ተተኪው ባዶ መንደር ይጠብቀው ነበር።

ሄንሪ ዳርሊ የተባለ እንግሊዛዊ የማጂን ዘመኑን ተርኮ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመውን መጽሐፍ «ባሮችና የዝሆን ጥርስ» ብሎ ሰይሞታል። በማጂ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰንም የአገሩን መራቆት ጽፏል። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ንጹሕ ታዛቢዎች አልነበሩም፤ ዳርሊ ራሱ የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ነበር፣ የእንግሊዝ መንግሥትም የሱዳንና የኬንያ ድንበሩ ያሳስበው ነበር። ሆኖም የጻፉት ነገር የአዲስ አበባ መንግሥት ራሱ ካወጣቸው ሕጎች ጋር ይስማማል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በዚያው ዓመት ስለ ባሮች ነፃነት አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ ተጨመረ፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ደግሞ የነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። የሌለ ንግድ ሦስት ጊዜ አይከለከልም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው የነጋዴ ትውልድ ዕቃው ሌላ ነው፤ ሱቁ ጨርቅና ጨው ይሸጣል፣ ማርና ሰም፣ ቆዳና ቡና ይገዛል። እርሱም በተራው ፍዳውን ቆጠረ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቡናው ንግድም ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ አደላ፤ ማጂ በተራራዋ ላይ ብቻዋን ቀረች። ቤተሰቡ ዛሬ ስለ ደረሰበት በደል ሲያወራ የሚጀምረው ከ1967 ነው። ይህ ሐቅ ነው፤ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው።

አንድ ነገር ላስታውስ። በ1923 ዓ.ም. ገደማ በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሪቻርድ ዌሌይ በጌሻ በኩል የቡና ዘር አሰብስቦ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ አንድ ፓውንዱ በ21 ዶላር ተሸጦ ዓለምን አስደነቀ። ዛሬ የዚያን ቡና ዘር ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንዳለፈ ጣቢያ በጣቢያ መቁጠር ይቻላል። በዚያው ዘመን ከዚያው አገር እየተነዳ የወጣው ሰው ግን ዘሩን የሚቆጥርለት አላገኘም። ለቡናው የተጻፈለት፣ ለሰው አልተጻፈለትም።

ይህን የምለው የነጋዴን የልጅ ልጆች ለመክሰስ አይደለም። ማንም አያቱን መርጦ አልተወለደም። ደግሞስ ከሰፋሪዎቹ ልጆች ስንቱ የዲዚ ሴት የወለደችው ነው? የወንድ አያቱን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው፣ የሴት አያቱን አገርና እውነተኛ ስም ተጠይቆ ዝም ካለ፣ ዝምታው ራሱ የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው።

ነጋዴ መዝገቡን የሚዘጋው ገቢውንና ወጪውን አስተያይቶ ነው። የቤተሰብ ታሪክ የሚጽፍም እንደዚያው ያድርግ፤ የነጋዴውን ልጆች ሲጠይቅ የገባሩን ልጆችም ይጠይቅ። አዋጁ በወጣበት በ1934 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያን ዘመን ከእናቱ አፍ የሰማ ሰው በየመንደሩ ቢገኝ ጥቂት ነው፤ ሳይጠየቅ ከሞተ ግን መዝገቡ እንደ ጎደለ ይዘጋል።