ሰው ሲያልቅ፤ ስለ ሱቅ መዝጊያ ሰዓት አጭር ታሪክ

የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ኑሮዬ በሰዓት የተቀየደ ነው፤ በሩ በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱም ይዘጋል። ባለጉዳይ ከወጣ በኋላ ሒሳቡ እስኪገጥም ድረስ የምንቆይበት ጊዜ ቢኖርም፣ ቀኑ ልክ አለው። አመሻሽ ላይ ወደ ቤቴ ስመለስ በሰፈራችን መግቢያ ባለች አንዲት ትንሽ ሱቅ በኩል አልፋለሁ። ጠዋት ስወጣ ከባንኮኒው ጀርባ ያየሁት ልጅ ማታ ስመለስም እዚያው ነው። አንድ ቀን ሻማ ስገዛ “ስንት ሰዓት ትዘጋለህ?” ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና “ሰው ሲያልቅ” አለኝ።

መንገደኛው ሲያልቅ ማለቱ ነበር። እኔ ግን፣ ግጥም የሚሞክር ሰው ቃል ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍምና፣ ሁለቱን ቃላት ይዣቸው ቤቴ ገባሁ። ቆሞ የሚሸጠውስ ሰው አያልቅምን?

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነሣና ሲጥል የኖረ አገር እንግሊዝ ነው። የሱቅ መዝጊያ ሰዓት እዚያ የፓርላማ፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የፍርድ ቤትና የሠራተኛ ማኅበር ሙግት ሆኖ ቆይቷል። ውድ አንባብያን፣ ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቱን ግን እንደ እኛ አቆጣጠር እየጠራሁ ታሪኩን ላውጋችሁ።

የጋዝ መብራት ከገባ ወዲህ ምሽት ለእንግሊዝ ነጋዴ ደኅና የገበያ ጊዜ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለፋብሪካዎች የሥራ ሰዓት ሕግ ሲወጣ ሱቆች አልተነኩም። እንዲያውም የፋብሪካው ሠራተኛ ደመወዙን ይዞ የሚሸምተው ከሥራ ከወጣ በኋላ ነበርና፣ የአንዱ ዕረፍት የሌላው ሥራ ሆነ። ብዙ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሠራተኞች እዚያው አሠሪያቸው ባዘጋጀው ቤት ያድሩ፣ ከእሱው ማዕድ ይበሉ ነበር። አልጋውና ምግቡ እንደ ደመወዝ ስለሚቆጠር፣ የሥራው ሰዓት ከኑሮው ሰዓት የሚለይበት ድንበር ጠፍቶ ነበር።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ይህን ሕይወት በአንድ ደራሲ በኩል ያውቀው ይሆናል። ኤች. ጂ. ዌልስ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ከ1881 እስከ 1883፣ ሳውዝሲ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ተለማማጅ ነበር። በቀን 13 ሰዓት ያህል ሲሠራ ይውልና ማታ ከሌሎች ተለማማጆች ጋር በጋራ የመኝታ ክፍል ያድር ነበር። በ1905 ያሳተመው “ኪፕስ” የተሰኘው ልቦለድ ከዚያ ሕይወት የተቀዳ ነው። ዌልስ ከሱቁ ከወጣ በኋላ፣ በ1884፣ ቶማስ ሰዘርስት የተባሉ ጠበቃ ከባንኮኒ ጀርባ ስላለው ሞትና ደዌ መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ሞትንና ደዌን ይጠራ ነበር፤ ነገሩ የደከመ እግር ወሬ ብቻ አልነበረምና።

ከዚህ ላይ ልቤ የሚያደላላቸው አንድ ሰው ይገባሉ፤ ሰር ጆን ላቦክ። ገና በልጅነታቸው የአባታቸውን ባንክ ተቀላቅለው የሠሩ፣ የቻርልስ ዳርዊን ጎረቤትና ወዳጅ፣ ስለ ጉንዳንና ንብ መጽሐፍ የጻፉ የፓርላማ አባል ነበሩ። በ1871 ባስጸደቁት ሕግ ባንኮች በዓመት በተወሰኑ ቀናት እንዲዘጉ አደረጉ፤ እንግሊዛውያን ሕዝባዊ በዓላቸውን እስከ ዛሬ “የባንክ በዓል” ይሉታል። ለባንክ ጸሐፊው ዕረፍት ካገኙለት በኋላ ፊታቸውን ወደ ሱቅ ሠራተኛው መለሱ። በ1886 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የሱቅ ሠራተኞች፣ የምግብ ሰዓት ጨምሮ፣ በሳምንት ከ74 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ልብ በሉ፤ 74 ሰዓት እንደ ምሕረት የተቆጠረበት ዘመን ነው! ያም ቢሆን ሕጉን የሚያስከብር ተቆጣጣሪ አልተመደበለትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕጉ እንደ ኤሊ እያዘገመ ሄደ። በ1904 የአካባቢ አስተዳደሮች፣ ከባለሱቆቹ ሁለት ሦስተኛው ከተስማሙ፣ የመዝጊያ ሰዓት እንዲወስኑ ተፈቀደ። በ1911 ለሱቅ ሠራተኛ በሳምንት የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ተሰጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መብራትና የድንጋይ ከሰል ለመቆጠብ ሲባል ሱቆች በጊዜ እንዲዘጉ ታዘዘ። ርኅራኄ ሲለምን የኖረውን ነገር ጦርነት በአንድ ትእዛዝ አስፈጸመው ማለት ነው። በ1928 ደግሞ የመዝጊያው ሰዓት ከምሽቱ 2፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከምሽቱ 3 ሆኖ በቋሚነት ተደነገገ።

የትግሉ ድምፅ ከባንኮኒው ጀርባም ተሰምቷል። ማርጋሬት ቦንድፊልድ በ14 ዓመታቸው በሱቅ ሥራ የጀመሩ ሴት ናቸው። በኋላም “ግሬስ ዴር” በሚል የብዕር ስም ስለ ሱቅ ሠራተኞች ኑሮ ይጽፉ ነበር። በ1929 የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ በእንግሊዝ ታሪክ ካቢኔ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ለሰው ሲባል የወጣ ሕግ ግን ሰውየውን የሚረሳበት ጊዜ አለ። በ1950 የቀደሙት ድንጋጌዎች በአንድ ሕግ ተጠቃለሉ። በሕጉ መሠረት እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ነገር ግን ሊሸጡ የሚችሉ ዕቃዎች ዝርዝር ተያይዞለታል። ያ ዝርዝር የቀልድ ምንጭ ሆነ። ትኩስ ወተት ይሸጣል፤ የቆርቆሮ ወተት አይሸጥም። የተጠበሰ ዓሣና ድንች ከሌላ ምግብ ቤት ይገዛል፤ ከዓሣና ድንች መጥበሻ ቤት ግን አይገዛም። አረቄ ይፈቀዳል። ጋዜጣና መጽሔት፣ ራቁት ሥዕል የሞላበትም ቢሆን፣ ይሸጣል፤ መጽሐፍ ግን ክልክል ነውና የእሑድን ቅድስና ይጠብቃል የተባለው ሕግ በእሑድ መጽሐፍ ቅዱስ እንዳይሸጥ አደረገ።

በ1984 ጉዳዩን እንዲያጠና የተሰየመው የኦልድ ኮሚቴ ገደቡ ከነጭራሹ ይነሣ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የማርጋሬት ታቸር መንግሥትም በዚሁ መሠረት ረቂቅ አቀረበ። ታቸር በፓርላማ ሰፊ የድምፅ ብልጫ ነበራቸው። ሆኖም ሚያዝያ ወር 1986 ረቂቁ በ296 ለ282 ድምፅ ወደቀ። ያሸነፉት በአንድ ማዕድ ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ እሑድ የእግዚአብሔር ነው ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና እሑድ የሠራተኛው ነው ያሉ የሠራተኛ ማኅበራት። በርካታ የታቸር ፓርቲ አባላትም ከእነሱ ጋር ቆሙ።

ድሉ ግን የቀልዱን ዝርዝር እንዳለ አስቀረው። ትልልቅ መደብሮች ቅጣቱን እየተቀበሉ እሑድ ይከፍቱ ጀመር፤ ክርክሩም በ1989 እስከ አውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ በ1994 የወጣው ሕግ መካከለኛውን መንገድ ያዘ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ሱቅ እሑድ እንደ ፈቃዱ ይከፍታል፤ ከዚያ የሚሰፋው ግን ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ባለው ጊዜ ውስጥ ለ6 ሰዓት ብቻ። የሱቅ ሠራተኛም እሑድ አልሠራም የማለት መብት በሕግ ተጻፈለት። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ሕግ የሥራ ቀናቱ የመዝጊያ ሰዓት ተነሣ። በ2016 መንግሥት የእሑዱን ገደብ ለማላላት ዳግም ሞክሮ በ317 ለ286 ድምፅ ተሸነፈ።

ከዚህ ሁሉ ሙግት እኔ የቀሰምኩት አንድ ነገር ነው። ከልካዩም ፈቃጁም የሚቆጥረው የበሩን ሰዓት ነበር፤ የ1994ቱ ሕግ ዕድሜ ያገኘው ግን፣ እንደሚመስለኝ፣ በሩንና ከበሩ ጀርባ የቆመውን ሰው ለይቶ በማየቱ ነው። በሩ ይከፈት፤ ሰውየው ግን “እምቢ” የሚልበት ቃል ይኑረው።

ወደ እኛ ልመለስ። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝዝ ደንብ አወጣ። እንግሊዝ “ዝጉ” በሚል ትእዛዝ ሲሟገት ኖረ፤ የእኛው “ክፈቱ” የሚል ነው። የደመቀ ከተማ ማን ይጠላል? ብርሃን ያለበት መንገድ ለሚያመሽ መንገደኛ ደኅንነት ነው፤ ለነጋዴውም ገበያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሆኖም ከአገር ቤት በአጎቱ እጅ መጥቶ፣ ከዕቃው መካከል ፍራሹን ዘርግቶ የሚያድር ልጅ ተቀጣሪ ነው ወይስ ቤተሰብ? ሰዓቱንስ ማን ይቆጥርለታል? ዝጋ ቢሉት የዕለት ገቢው ይጎድላል፤ ክፈት ቢሉት እንቅልፉ ይጎድላል። ሁለቱንም የሚያውቀው እሱ ነው፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት ሒሳብ አልገጥም ብሎን አምሽቼ ስመለስ ሱቋ ገና ክፍት ነበረች። ልጁ ከሩቅ አየኝና “ጋሼ፣ ዛሬስ አመሹ!” አለኝ። ድካሜን ዘርዝሬ አማረርኩለት። ከንጋት ጀምሮ የቆመው ልጅ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና “አይዞዎት፣ ይግቡና ይረፉ” አለኝ።

ቸር እንሰንብት።