የርስትና የግብር መዝገብ፤ የሚነግረውና የሚሰውረው

ምድር ትኖራለች፤ ባለ ርስቱ ግን ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ቆሞ ይህ የእገሌ ነበረ፥ ያንንም ያህል ይገብርበት ነበር ብሎ የሚመሰክረው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህም የአንድን ወረዳ ታሪክ ሊያውቅ የሚወድ ሰው ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል አስቀድሞ የገበሬውን የግብር መዝገብ ሊፈልግ ይገባዋል። ይህም መዝገብ በኢትዮጵያ አገር በሦስት ቤት ተከፍሎ ይገኛል፤ አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፥ ሁለተኛው በመንግሥት ግምጃ ቤት፥ ሦስተኛው በገበሬው በራሱ ቤት ነው።

ከሦስቱም የሚቀድመው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። የቀደሙ ነገሥታት ጉልት ሲሰጡ ቃላቸውን የሚያጽፉት ብዙ ጊዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ነበር። ወንጌል ከዕቃ ቤት አይወጣም፥ አይሸጥም፤ በእርሱም ላይ የተጻፈውን የሚያፈርስ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ ግዝት ይጻፍበታልና፥ ከዚያ የሚበልጥ ማኅተም አልነበረም። በሽመዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ ወርቅ ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተሰጠ የጉልት ጽሑፍ ይዟል። በጎንደር ዘመን ደግሞ እንደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያሉ አድባራት የካህናቱን ድርሻ፥ የመሬቱን ሽያጭና ውርስ፥ የእማኞቹንም ስም በሰፊው መዝግበው ነበር። ቋንቋውም ከግእዝ ወደ አማርኛ እየተመለሰ ስለ ሄደ ዛሬ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ሊከተለው ይችላል።

ነገር ግን መጽሐፉ ሁልጊዜ በተጻፈበት ደብር አይገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከጎንደር አድባራት ያሰበሰቧቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ለንደን ተሻገሩ። ስለዚህ የጎንደር ገበሬ ቅድመ አያት ስምና ድርሻ ዛሬ በለንደን ቤተ መጻሕፍት የሚነበብበት ጊዜ አለ። በሌላ ወገን ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በፊልም የማንሣት ሥራ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን ሥዕል አስቀርቷል፤ ደብሩ ሩቅ የሆነበት ተመራማሪ በእርሱ ሊረዳ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ችግሩ ዘመኑን ማወቅ ነው። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን ትቶ በዘመነ ሉቃስ፥ እገሌ አለቃ ሳለ፥ እገሌም ገበዝ ሳለ ብሎ ያልፋል። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚዘዋወሩ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምሮ ለአራት መክፈል ይበቃል፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፥ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፥ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። የንጉሡና የአለቃው ዘመን የታወቀ ሲሆን በዚያ መካከል የሚውሉት የሉቃስ ዓመታት ጥቂት ናቸውና ትክክለኛው ዓመት በቅርብ ይገኛል።

ሁለተኛው ችግር የመስፈሪያው ነው። የጥንቱ ግብር በወርቅ ወቄት፥ በአሞሌ ጨው፥ በማር፥ በጥጥ ልብስ፥ በከብት፥ በእህልም ይከፈል ነበር፤ ከዚህ ሌላ በሁዳድ እርሻ የሚሠራው የጉልበት ግብር ነበረ። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ስለማይተካከል ቍጥሩን ብቻ አይቶ ይህ ወረዳ ከዚያ ይልቅ ይገብር ነበር ማለት ስሕተት ላይ ይጥላል።

የመንግሥቱ መዝገብ የሰፋው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1885 ዓ.ም. ገደማ፥ ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ ከሚቀለብ ይልቅ ገበሬው ከእህሉ ከዐሥር አንዱን ለመንግሥት ጐተራ እንዲያገባ ዐሥራት ተደነገገ። በሸዋና በደቡብ አገሮችም መሬት በቃላድ እየተለካ በጋሻ ተቈጠረ። ቃላዱ 133 ክንድ ያህል የሚረዝም ገመድ ነው፤ የጋሻው ስፋት ግን እንደ መሬቱ ደግነት ከፍና ዝቅ ይል ነበር፤ በኋላ ጊዜ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ተብሎ ይታሰባል። ስለ ልኬቱና ስለ ግብሩ ሥርዓት የተጻፈውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙትን ዝክረ ነገር ቢያነብ ብዙ ያተርፋል።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ በአንድ ጋሻ 15፥ 10 እና 5 ብር ግብር ቈረጠ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በእህል ይከፈል በነበረው ዐሥራት ፈንታ 35፥ 30 እና 10 ብር ተጨመረ። እንግዲህ የለም መሬት ግብር ከነዐሥራቱ 50፥ የለም ጠፉ 40፥ የጠፉ 15 ብር ሆነ ማለት ነው። የትምህርት ግብር በ1940 ዓ.ም. ተጨመረ፤ ከዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ የጤና ግብር ተከተለ። ያለ ስም በቍጥር ብቻ የተጻፈ የቈየ ደረሰኝ ያገኘ ሰው ይህን ስሌት ካወቀ የመሬቱን ደረጃና የጋሻውን ብዛት ከገንዘቡ ወደ ኋላ ሊገምት ይችላል። ጎጃም፥ ቤጌምድርና ትግሬ ግን በዚህ ልክ አልተቈጠሩም፤ ከወረራው በፊት የለመዱትን ግብር እንዲከፍሉ ተተወላቸው። የቤተ ክርስቲያንም መሬት ግብር በ1935 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ለቤተ ክርስቲያን ገቢ ስለ ተደረገ መዝገቡን ከገንዘብ ሚኒስቴር መፈለግ ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ ከቤተ ክህነት ዘንድ መጠየቅ ያሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የስሙ ነገር ነው። በርስት አገር ግብሩ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ መሬቱን በያዘው ገበሬ ስም ሳይሆን ከብዙ ትውልድ በፊት መሬቱን ባቀናው አባት ስም ነው። ስለዚህ መዝገቡ አንድ ሰው ብቻ ሲያሳይ በሜዳው ላይ ግን ብዙ ቤተ ሰብ ያርስ ነበር። በቃላድ አገር ደግሞ ደረሰኙ የባለቤትነት ምስክር ሆኖ በፍርድ ቤት ይቀርብ ነበርና ሰው ሁሉ በስሙ ለመክፈል ይሽቀዳደም ነበር። በዚያ አገር ጭሰኛው በመዝገቡ ላይ አልተጻፈም። ዐሥር ጋሻ ለም መሬት ያለው ጌታ ግብሩንና ዐሥራቱን 500 ብር ከፍሎ ደረሰኙን በስሙ ይቀበላል፤ ብዙዎች ባለ መሬቶች ግን ዐሥራት ነው እያሉ ከጭሰኛው እህል ከዐሥር አንዱን ይወስዱ ነበር። እንግዲህ መዝገቡ ከፋዩን ይነግራል፤ ላቡን ያፈሰሰውን ግን ይሰውራል። ይህን ያልተረዳ አንባቢ መዝገቡን አክብሮ ሕዝቡን ይረሳል።

ገበሬውም ጽሑፍን የሚፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጥቶ ዐሥራቱን ሲሽር፥ በጎጃም ብዙ ገበሬ የመሬቱ መመዝገብ ርስቱን ወደ ማጣት ያደርሰዋል ብሎ ሰጋ፤ ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ ነገሩም እስከ ጦርነት ደረሰ። በመጨረሻ መንግሥት ገዢውን ከሥፍራው አነሣ፤ ውዝፉንም ግብር ማረ። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ሚዛኑን ማስተካከል ነበር፤ ገበሬው ግን በገማቹ ብዕር ፊት የቃላዱን ገመድ አየ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የጋሻው መዝገብ ሕጋዊ ኃይሉን አጣ፤ የታሪክ ምስክርነቱ ግን ቀረለት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም አራሹ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንዲይዝ ፈቀደ፤ ባልና ሚስት በአንድነት የያዙትም በሁለቱም ስም እንዲጻፍ አዘዘ። በአሮጌው መዝገብ ስሟ ያልተጻፈው ሴት በአዲሱ ተጻፈች።

እንግዲህ በየደብሩ ዕቃ ቤት የወንጌሉን ኅዳግ፥ በየወረዳው ቤት አቧራ የለበሰውን ጥራዝ፥ በየገበሬው ሣጥንም ጥግ የታጠፈውን ደረሰኝ ከምስጥና ከእሳት የሚጠብቅ ሁሉ የሰውን ስም ይጠብቃል። የሚያነበውም የተጻፈውን ከቈጠረ በኋላ ያልተጻፈው ማን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የመዝገብ እውነት የሚሞላው በዚህ ነውና።